የሻወር ቤት ሲሊኮን አቀያየር፦ ከመፋቅ እስከ ማድረቅ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከታች የሚኖሩት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ነጠላ ለብሰዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው። «ልጄ፣ እስቲ ወረድ በልና የሻወር ቤቴን ጣሪያ እየው» አሉኝ። ወርጄ አየሁት። ነጩ ጣሪያ ላይ ዳር ዳሩ ቡኒ የሆነ ካርታ ተስሏል። ልክ ከእኔ ሻወር ሥር ነው።

የጠራሁት የመጀመሪያ ቧንቧ ሠራተኛ «ሴራሚኩ ይነቀልና ቧንቧው ይታይ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ሁለተኛ ሰው ጠራሁ። ሁለተኛው ጎንበስ ብሎ የሻወር ትሪውን ጥግ በጥፍሩ ጫር አደረገው። ሲሊኮኑ እንደ ክር ተነስቶ መጣ። «ይኸው፣ ውሃው በዚህ ነው የሚገባው» አለ።

ይህማ ለእኔም አያቅተኝም አልኩ። አንድ ሲሊኮን ገዝቼ በአሮጌው ላይ ደረብኩበት። ሲያዩት ያምር ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላጠ። እማማም ተመልሰው መጡ። በዚያን ቀን ነጠላም ፈገግታም አልነበረም።

ያጠፋሁት ምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ሲሊኮን በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አይዝም። በእርጥብ ነገር ላይ አይዝም። በሳሙና ቅሪትና በቅባት ላይም አይዝም። ስለዚህ ከሥራው ትልቁ ድርሻ መፋቅ፣ ማጽዳትና ማድረቅ ነው። መቀባቱ ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ ግማሽ ሰዓቷን ብቻ ሠርቼ ነበር።

ሲሊኮኑ እዚያ ምን ይሠራል?

በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል ያለው ክፍተት በነጭ ሲሚንቶ ወይም በግራውት ይሞላል። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው፤ አይለጠጡም። ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ጥግ ላይ ግን ጠንካራ ነገር አይበረክትም። ቤት ይንቀሳቀሳል። በዓይን አይታይም እንጂ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ሻወር ትሪውም ሰው ሲቆምበት በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ ሲወርድለት ይመለሳል። ጥጉ ላይ ያለው ሲሚንቶ ከሆነ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ለውሃ ደግሞ ያቺ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትበቃዋለች።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በሚገናኙበት ቦታ የሚለጠጥ ነገር ያስፈልጋል። ግድግዳ ከወለል፣ ግድግዳ ከግድግዳ፣ ሴራሚክ ከሲንክ፣ የመስኮት አሉሚኒየም ከግንብ። እኔ ስገባበት የቤቴ ጥጎች በሙሉ በነጭ ሲሚንቶ የተሞሉ ነበሩ። ሲሊኮኑ በኋላ ስንጥቁ ላይ የተደረበ ነው። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ሲሊኮኑን ብቻ ሳይሆን ጥጉ ላይ ያለውን ሲሚንቶ ጭምር ትንሽ ፍቃችሁ ማውጣት አለባችሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የሲሊኮኑ መሆኑን አረጋግጡ

የሚያፈስ ቧንቧን ሲሊኮን አያድነውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ።

አንደኛ፣ ቧንቧውን። በቤቱ ያለውን ውሃ መክፈቻ ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ ነገር አለ። ሮቶ ካላችሁ የቆጣሪው ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ ሮቶው እየሞላ ሊሆን ይችላል። ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ ዝጉ፣ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጉበት፣ ማታ ማንም ውሃ ሳይነካ ጠዋት እዩት። ከቀነሰ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።

ሁለተኛ፣ የውሃ መውረጃውን ቀዳዳ። ሻወሩን ለአንድ ቀን አትጠቀሙበት። ከዚያ ግድግዳና ጥግ ሳይነካ አንድ ባልዲ ውሃ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው አፍስሱ። ከታች ካፈሰሰ ችግሩ የመውረጃው ቱቦ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥጉን። ሁለቱ ደህና ከሆኑ በማግስቱ ጥጉንና ግድግዳውን በጆግ ቀስ እያላችሁ አርጥቡ። ካርታው አሁን ከረጠበ መንገዱ በጥጉ በኩል ነው። ለዚህ ሁሉ ከታች ያለው ጎረቤት በስልክ መልስ እንዲሰጣችሁ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቡና ጠጡ።

ምንም ሳያፈስም መቀየር ያለበት ሲሊኮን አለ። በጥፍር ሲነካ የሚነሳ፣ የተሰነጠቀ፣ እንደ ፕላስቲክ የደረቀ፣ ወይም በታጠበ ቁጥር ተመልሶ የሚጠቁር። ጥቁሩ ነገር ሻጋታ ነው። ላዩ ላይ ብቻ ያለ መሆኑን ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ። የሽንት ቤት ወረቀት ጠቅልላችሁ በበረኪና ነክሩና ጥቁሩ ላይ ለጥፋችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። መስኮቱ ክፍት ይሁን። ጠዋት ከነጣ ሲሊኮኑን አትንኩት፣ ገና ይሠራል። ካልነጣ ሻጋታው ውስጡ ገብቷል፤ ፍትጊያ አያወጣውም።

የቱን ልግዛ?

ሱቅ ሄዳችሁ «ሲሊኮን» ብቻ ካላችሁ እጁ ላይ የመጣለትን ይሰጣችኋል። ቱቦዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው።

በብዛት የሚገኘውና ርካሹ ሲከፈት የአቼቶ ሽታ ያለው ነው። ሽታው የሚመጣው ሲደርቅ ከሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው፤ የአቼቶው አሲድ ራሱ ማለት ነው። ለሴራሚክ፣ ለመስታወትና ለእጅ መታጠቢያ ሳህን ጥሩ ነው፤ አጥብቆ ይይዛል። ግን አሲድ ስለሆነ እብነ በረድን ያበላሻል፣ መዳብና ነሐስን ያዝጋል፣ የግድግዳ መስታወትን የጀርባ ብር ይበላል። በልሙጥ ሲሚንቶ ላይም በደንብ አይዝም። ለእነዚህ «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበትን ጠይቁ። ዋጋው ከፍ ይላል። የኩሽና ጠረጴዛችሁ እብነ በረድ ከሆነ ግን በእሱ አትሰስቱ። ለመስኮት አሉሚኒየምም ኒውትራሉ ይሻላል፤ ከብረትም ከግንብም ጋር ይስማማል።

ለሻወር ቤት ከሆነ ደግሞ «ሳኒታሪ» የሚል ፈልጉ። የሻጋታ መከላከያ ተጨምሮበታል። መከላከያው መርዝ ስለሆነ ይህን ዓይነት ለዓሣ ገንዳ አትጠቀሙበት።

ሦስተኛው አክሪሊክ ነው። በውሃ የሚታጠብ፣ ቀለም የሚቀባበት፣ ሽታ የሌለው። ለበር ፍሬም፣ ለዘኮሎ፣ ለግድግዳ ስንጥቅ ነው። ውሃ ለሚቆምበት ቦታ አይሆንም። ሲሊኮን ደግሞ ቀለም አይቀበልም፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲሊኮን የሞላ ሰው መስመሩን ዕድሜ ልኩን ሲያየው ይኖራል።

ቀለሙን በተመለከተ የብዙ ሰው ምርጫ ግልጹ ነው። እኔ ሻወር ቤት ውስጥ አልወደውም። ከሥሩ ያለውን ቆሻሻና አየር ሁሉ ያሳያል። ነጭ ሴራሚክ ላይ ነጭ፣ ግራጫ ላይ ግራጫ። ግልጹን ለመስታወት ተዉት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ቱቦው ላይ ያለውን ቀን አንብቡ። ሲሊኮን ብዙውን ጊዜ ከተመረተ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ነው የሚቆየው። ጊዜው ያለፈበት እስከ መጨረሻው ላይደርቅ ይችላል፤ እንደ ማስቲካ እየተጣበቀ ይቀራል። ከዚያ ቱቦውን በጣታችሁ ተጫኑት። የጓጎለ ነገር ከተሰማችሁ መልሱት።

ስንት ይበቃል? የተለመደው ቱቦ 280 ወይም 300 ሚሊ ሊትር ነው። ወርዱም ጥልቀቱም 6 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ከሠራችሁ በ300 ሚሊ ሊትር 8 ሜትር ያህል ይወጣችኋል። ማዕዘን ላይ ያለ 90 በ90 ሻወር ከታች ሁለቱ ጎንና ቁመቱ ተደምሮ ወደ 4 ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ቱቦ ይበቃል፤ ለመለማመጃም ይተርፋል።

ሌላ የሚያስፈልገው

መግፊያው አለ። ባለሙያዎቹ «ጋን» ይሉታል፤ የጠላውን ጋን አይደለም፣ ጠመንጃ ለማለት ነው። ካተር፣ ስፓቱላ፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል፣ በረኪና፣ የእጅ ጓንት፣ የቆየ የጥርስ ብሩሽ፣ ብዙ ሶፍትና አሮጌ ጨርቅ። ነጭ ጋዝ ለማጽጃ አትጠቀሙ። ቆሻሻውን ያነሳል፤ ግን ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ሲሊኮኑም አይዝም። ቤንዚን ደግሞ ዝግ ክፍል ውስጥ ማሰብ የለባችሁም።

አሮጌውን ማንሳት

እዚህ ላይ ነው ጊዜያችሁን የምታጠፉት። ለአንድ ሻወር ግማሽ ቀን መድቡ።

መጀመሪያ የውሃ መውረጃውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። ፍርፋሪው ከገባበት ሌላ ጣጣ ነው። የካተሩን ምላጭ ከግድግዳው ጋር አጋድማችሁ በሲሊኮኑ የላይኛው ጠርዝ በረጅሙ ቁረጡ። ከዚያ በታችኛው ጠርዝ። ምላጩ ከሴራሚኩ ጋር መተኛት አለበት፤ ከቆመ ይቧጭራል። ሁለቱም ወገን ከተቆረጠ በኋላ ጫፉን ያዙና ጎትቱ። ዕድለኛ ከሆናችሁ እንደ ገመድ ይመዘዛል። ካልሆናችሁ እንደ እኔ በሳንቲም ሳንቲም ትለቅማላችሁ። የፀጉር ማድረቂያ ካለ ትንሽ ማሞቁ ያለሰልሰዋል።

ገንዳችሁ ወይም ሻወር ትሪያችሁ የፕላስቲክ ዘር ከሆነ ብረት አታስነኩት። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ጠርዙን በካተር አሹላችሁ ተጠቀሙ። አሴቶንም አታስነኩት፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚባለው ማለት ነው። ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል።

የሚታየው ሲሊኮን ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። በጣት ስትዳብሱት እንደ ጎማ የሚይዝ ስስ ቆዳ ይቀራል። በስፓቱላ ፋቁት፣ በደረቅ ሻካራ ጨርቅ ፈትጉት፣ ከዚያ አልኮል ባስነካችሁት ጨርቅ ድገሙት። መጨረሻ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ አንጠባጥቡበት። በሚያብረቀርቅ ንጹሕ ሴራሚክ ላይ ውሃው ይነጠፋል። እንደ ዕንቁ ድብልብል ብሎ ከቆመ ቆዳው አሁንም አለ። ተመልሳችሁ ፋቁ። የእኔ ሁለተኛው ሙከራ የተሳካው በዚህች ጠብታ ነው።

ማጽዳትና ማድረቅ

ጥጉ ውስጥ ጥቁር ካለ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ በጥብጡና በጥርስ ብሩሹ እሹት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በብዙ ውሃ ይታጠብ። እዚህ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም።

ከዚያ ማድረቅ። ላዩ የደረቀ መስሎ ከሥር ውኃ ያዘለ ጥግ ያታልላል፤ በተለይ ከሴራሚኩ በስተጀርባ ውሃ ሲገባ ከከረመ። ቢያንስ 24 ሰዓት ማንም እንዳይታጠብበት። ሲያፈስ የከረመ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ስጡት። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ኑሮ ለአንድ ጊዜ ይጠቅመናል፦ ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሥራውን ውሃው በሚጠፋበት ቀን ዋዜማ ጀምሩት። ቤተሰቡን «አትታጠቡ» እያላችሁ መጣላት አይኖርባችሁም።

መጨረሻ ላይ፣ ልትቀቡ ስትሉ፣ ጥጉን በአልኮል ጥረጉና ጥቂት ደቂቃ እስኪተን ጠብቁ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። እጅ ቅባት አለው።

ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ፣ ማለትም ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፣ በሲሊኮን ብቻ አትሙሉት። ይሰምጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። መጀመሪያ ለዚህ የሚሸጠውን ክብ የፎም ገመድ ጎስጉሱበት። ካጣችሁ ቴሌቪዥን ሲታሸግ የሚጠቀለልበትን ነጭ ለስላሳ ፎም በቀጭኑ ቆርጣችሁ ጠቅልሉ። የትራስ ስፖንጅ አይሆንም፤ ውሃ ይመጥጣል። ፎሙ ሌላም ጥቅም አለው። ሲሊኮን በደንብ የሚለጠጠው ሁለቱን ጎኖች ብቻ ሲይዝ ነው። ከጀርባም ከተጣበቀ በሦስት በኩል ይወጠርና ይቀደዳል።

የመታጠቢያ ገንዳ ያላችሁ ደግሞ ከመቀባታችሁ በፊት ገንዳውን ውሃ ሙሉት። ጠርዙ እንዳይረጥብ ተጠንቀቁ። ሲሞላ ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል፣ ክፍተቱም በሰፊው ይከፈታል። በዚያ ልክ ቀብታችሁ እስኪደርቅ ውሃው እዚያው ይቆይ። ባዶ ሆኖ ከተቀባ ሰው በገባበት ቁጥር ሲሊኮኑ ይሳባል።

መቀባቱ

አሁን ቀላሉ ክፍል መጣ። መጀመሪያ የወረቀት ፕላስተሩን ከክፍተቱ በላይና በታች በቀጥታ ለጥፉ። በመካከላቸው የሚቀረው 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ባለሙያ ያለ ፕላስተር ይሠራል። እኛ ባለሙያ አይደለንም።

የቱቦውን ጫፍ በካተር ቁረጡ፤ ጥርሱን ሳትነኩ ከላይ ያለችውን ጡት ብቻ። አፍንጫውን አጥብቁበት። ከዚያ አፍንጫውን አጋድላችሁ፣ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ቁረጡት። ቀዳዳው ከክፍተቱ ትንሽ ይነስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አብዝቶ ይቆርጥና ሲሊኮኑ እንደ ጥርስ ሳሙና ይግተለተልበታል። መጀመሪያ ጠበብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ካነሰ መድገም ይቻላል።

ካርቶን ላይ ሁለት ሦስት መስመር ተለማመዱ። ከዚያ ከጥግ ጀምሩ። ጋኑን በ45 ዲግሪ ይዛችሁ ቃታውን በእኩል እየጨመቃችሁ ወደ ራሳችሁ ጎትቱ። ወደ ፊት መግፋት ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሲሊኮኑን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል ይላሉ። እውነት ነው፣ ግን ለጀማሪ እጅ መጎተቱ ይቀናል። ዋናው አለማቆም ነው። በተቆመበት ቦታ ሁሉ ጉብታ ይወጣል። መስመሩ ሲያልቅ ከኋላ ያለችውን ማስለቀቂያ ቶሎ ተጫኑ፤ አለበለዚያ መውጣቱን አያቆምም።

አንድ ግድግዳ ቀብታችሁ ወዲያው አስተካክሉት። ሁሉንም ቀብቼ በኋላ አስተካክላለሁ አትበሉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ላዩ ቆዳ ማውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የተነካ ይጨማደዳል። ጓንት ያጠለቀ ጣታችሁን ጥቂት ሳሙና በተጨመረበት ውሃ አርጥቡና ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። ጣቱ እርጥብ ይሁን እንጂ እየተንጠባጠበ አይሁን። የሳሙናው ውሃ ገና ያልተቀባ ቦታ ላይ ከፈሰሰ ቀድሞ ያጸዳችሁትን አበላሻችሁት። ሁለቴ ከበቃ ሦስተኛ አትድገሙ። ሦስተኛው ሁልጊዜ ያበላሻል።

ፕላስተሩን አሁኑኑ፣ ሲሊኮኑ እርጥብ ሳለ አንሱት። ወደ ውጭ አጋድላችሁ በቀስታ ሳቡ። ትንሽ ጠርዝ ከተነሳ በእርጥብ ጣት አንዴ ዳሰስ አድርጉትና ተዉት። እጃችሁ ላይ የተጣበቀውን መጀመሪያ በደረቅ ሶፍት ጥረጉ። ውሃ ካስቀደማችሁ ይዛመታል። ልብስ ላይ ካረፈ እስኪደርቅ ጠብቁና ላጡት።

መጠበቅ

ሲሊኮን እንደ ቀለም ውሃው ተንኖ አይደለም የሚደርቀው። ከአየር እርጥበት እየወሰደ ከላይ ወደ ውስጥ ይጠነክራል። በ24 ሰዓት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢገባ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር ስለዚህ በአንድ ቀን አይጨርስም። ቱቦው ላይ «24 ሰዓት» ቢልም እኔ ሁለት ቀን እሰጠዋለሁ። በብርድና በደረቅ አየር ይዘገያል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ብርድ የምትሠሩ ከሆነ ሦስት ቀን ብትሰጡት አትጸጸቱም። ማድረቂያ ማሞቂያ መደገን አይጠቅምም፤ የሚፈልገውን እርጥበት ነው የምታጠፉበት። መስኮቱን ክፈቱለት፤ ለሽታውም ለእናንተም ይበጃል።

ሌሎች ቦታዎች

የሽንት ቤት መቀመጫ ሥር ከፊትና ከጎን ዙሩት፣ ከኋላ ግን ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። ዙሪያውን ከደፈናችሁት ከሥሩ ቢያፈስ አታውቁትም፤ መጀመሪያ የሚያውቁት የታች ጎረቤት ናቸው።

የመስኮቱን ሥራ ከክረምት በፊት፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ፀሐያማ ቀን ጨርሱት። ሐምሌ ላይ የሚደርቅ ግንብ አታገኙም። ዝናቡ የሚገባው በአሉሚኒየሙና በግንቡ መካከል ስለሆነ መቀባት ያለበት በውጭ በኩል ነው። ከመሬት በላይ ለሆነ ፎቅ ግን ተንጠልጥላችሁ አትሥሩት፤ መወጣጫ ያለው ሰው ጥሩ። አንድ ነገር ግን ለሠራተኛውም ንገሩት። በአሉሚኒየም መስኮት የታችኛው ክፈፍ ላይ በውጭ በኩል ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጉድለት አይደሉም። ሐዲዱ ውስጥ የገባው ዝናብ የሚወጣባቸው ናቸው። ብዙ ሰው «ውሃ የሚያስገባው ይኼ ነው» ብሎ ይደፍናቸዋል። ከዚያ ሐዲዱ ይሞላና ውሃው ወደ ሳሎን ይገለበጣል። ከተደፈኑ ክፈቷቸው፣ ከታፈኑ በጥርስ መጎርጎሪያ ጥረጓቸው።

የኩሽና ሲንክ ከሻወሩ ይቀላል፣ ግን ቅባቱ ይከፋል። በአልኮል ከመጥረጋችሁ በፊት በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ጊዜ እጠቡትና ይድረቅ።

በር ፍሬምና ግድግዳ መካከል ለተከፈተው አክሪሊክ ሙሉ። ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ደርቆ ከሰመጠ ድገሙት፤ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ሥራ በክረምት ብርድ ለመከላከል ያውቁታል። አሜሪካ ያለችው እህቴ «ኮክ» ነው የምትለው። በመስኮቷ ዙሪያ የምትሞላው ግን ይኸው አክሪሊክ ነው።

ዕድሜውን ለማርዘም

ከታጠባችሁ በኋላ ጥጉ ላይ የቆመውን ውሃ በመጥረጊያ ጎማ ወይም በጨርቅ ሳብ አድርጉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሻጋታ የሚበቅለው በውሃና በሳሙና ቅሪት ላይ ነው። በሽቦ አትፈትጉት፤ የተቧጨረ ሲሊኮን ሻጋታን በቀላሉ ይይዛል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ቤት ስታጸዱ፣ ጣታችሁን በጥጎቹ ሁሉ ላይ አስኪዱ። የተነሳች ቦታ ካገኛችሁ ያችን ብቻ ከጤናማው ክፍል ትንሽ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ቆርጣችሁ አውጡ። እንደ ሙሉው ሥራ አጽዱ፣ አድርቁ፣ ሙሉ። ላዩ ላይ ብቻ አትለጥፉ። ያንን እኔ ሞክሬዋለሁ።

የተረፈው ቱቦ አይጣል። አፍንጫው ውስጥ ረጅም ምስማር አስገቡና በላዩ ፕላስተር ጠቅልሉበት። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ለጥቂት ሳምንት ያገለግላል። ስትፈልጉት ምስማሩን በፒንሳ ሳቡት፤ የደረቀው እንደ ቡሽ ተከትሎት ይወጣል።